ሁለቱ መቻሎች

«ቻለው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል!»

ይህን ቃል በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከሰባት ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ መቁጠር ሥራዬ ነውና።

ጊዜው የብር ኖቶች የተቀየሩበት ነበር። አሮጌዎቹ ባለ አሥር፣ ባለ ሃምሳና ባለ መቶ ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ ተሰብስበው በአዲስ እንዲተኩ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ባለ ሁለት መቶ ብርም ገበያ ላይ እንዲውል መስከረም 4 ቀን ተነገረ። እኔ አዳማ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ጀርባ የምቀመጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። በእነዚያ ወራት ሰልፉ ከበር አልፎ አስፋልቱን ይነካ ነበር። የኮሮና ዘመን በመሆኑ ከአፍና አፍንጫ መሸፈኛዬ የሚያመልጠው ትንፋሽ መነጽሬን ያደበዝዘዋል። የአዲሶቹ ኖቶች ቀለም ገና ከዓይኔ ጋር አልተላመደም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሒሳብ ስዘጋ ሃያ ሺህ ብር ጎደለ። ሁለት እስር ባለ መቶ መስጠት ሲገባኝ ሁለት እስር ባለ ሁለት መቶ ሰጥቼ ኖሯል። የወሰደው ሰው አልተመለሰም።

አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ቻለው እንግዲህ ወንድሜ» አለኝ። የጥበቃው አባባም አሉኝ። እናቴ በስልክ «ቻለው ልጄ፤ ከጤና አይበልጥም» አለችኝ። ቻልኩትም። በባንክ ቤት ልማድ የጎደለውን የሚችለው ከፋዩ ነው። ሃያ ሺሁ በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ በአሥር ወር አለቀ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የማነሣው እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ዕዳው ከተከፈለ ቆይቷል። ከዕዳው በኋላ ከእኔ ጋር የቀረው ቃሉ ነው።

አማርኛችን «ቻለ» በሚለው አንድ ግሥ ስንት ነገር ያሸክመዋል! ዋና ይችላል ስንል ስለ ችሎታ መናገራችን ነው። በደሉን ቻለ ስንል ግን ስለ ሸክም ነው። ድልድዩ ሠላሳ ቶን ይችላል። አባት የልጁን ወጪ ይችላል። ሥራ ይዞ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ወጣት ራሱን ቻለ ይባላል። የሠራዊታችን የስፖርት ክለብ እንኳ ስሙ መቻል ነው። የሚያውቅ ሰውና የሚሸከም ሰው በአንድ ቃል ታስረው አብረው ይኖራሉ። ይህ ለገጣሚ ሲሳይ ነው፤ ለኗሪ ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። (ይኸው፣ ቃሉ እዚህም ገባ።) እኔ የምለው ይህ ነው፦ መሸከምን ከችሎታ ቆጥረን ስናወድስ ኖረናል፤ ብዙም ተጎድተንበታል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከብስክሌት ነው።

ደመወዜ መቆረጥ ሲጀምር መጀመሪያ የተውኩት የባጃጅ ሒሳብ ነበር። በእናቴ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ግድግዳ ላይ የአባቴ ፎኒክስ ብስክሌት ተሰቅሎ ነበር። ማርሽ የለው፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ኮርቻው ግን የአባቴን ቅርጽ እንደያዘ ነው። አውርጄ ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰድኩት። ሰውየው ስድሳን የተሻገረ፣ በወጣትነቱ ይወዳደር እንደነበር የሚያወራ፣ እኔም ጋሼ የምለው ሰው ነው። ካላማዳሪውን አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ፣ ማስቲሽ ሲቀባ፣ ቸርኬውን እያሽከረከረ በአንድ ዓይኑ ጨፍኖ ሲያይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ታዘብኩ። ጎሚስታ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፦ አምስት ዓመት ተዋግተን ያስወጣነው ጣሊያን ጎሚስታ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ በሰላም ይኖራል!

እንዲህ ሆኖ በችግር የተጀመረው ነገር ሳላስበው የእሑድ ደስታ ሆነ። ወደ ሞጆ የሚወስደው አሮጌ መንገድ የጅቡቲ መኪናዎች ርስት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈተው ፈጣን መንገድም ብስክሌት አያስገባም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ደቡብ አዞርኩ። ወንጂ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሆላንዳውያን በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመሩባት ያቺ ሜዳ ለብስክሌት የተፈጠረች ትመስላለች፤ በሸንኮራ አገዳው መሀል ሠራተኞች ምሳቸውን ከኋላ አስረው እየተጫወቱ ይነዳሉ። ዳገት የለም። ለጀማሪ ልብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ነፋስ ግን አለ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከከተማዋ በሰሜን ምዕራብ ያሉትን ኮረብታዎች ይመልከት። በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተርባይኖች ተተክለውባቸዋል፤ የማመንጨት አቅማቸው ሲደመር 204 ሜጋ ዋት ነው። እኔን ከብስክሌቴ ሊያወርደኝ የሚታገለው ነፋስ ለሌላው ሰው አምፖል ያበራል። ነፋስ ደግሞ ከዳገት ይልቅ ተንኮለኛ ነው፤ አይታይም፣ መጨረሻውም አይታወቅም። ጉልበትህን ጨምረህ ልታሸንፈው ብትነሣ ይቀጣሃል፤ የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነት ካሬ ነውና፣ በእጥፍ ስትፈጥን አራት እጥፍ ይገፋሃል።

ጋሼ በዚህ ላይ መላ ነበረው። አልፎ አልፎ አብሮኝ ሲወጣ «ከኋላዬ ግባ» ይለኛል። ከፊት የሚነዳው ነፋሱን ይሰነጥቃል፣ ከኋላ የተጠጋው ያርፋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እንዲህ ባለ ውድድር የአብዛኛው ጋላቢ ሥራ ማሸነፍ ሳይሆን ለቡድኑ መሪ ነፋስ መስበር ነው። በዚያ ዓመት የጽጋቡ ቡድን መሪ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜይንትጄስ፣ ስምንተኛ ወጣ። ገበሬዎቻችን ለዚህ ነገር ድሮ የሰጡት ስም አለ፤ ወንፈል ይሉታል። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ያን ጊዜ «ቻለው» ካሉኝ ሰባት ሰዎች አንዱ እንኳ «ከኋላዬ ግባ» እንዳላለኝ ያስታወስኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ቂም አይደለም፤ እኔም ለሌላው ብዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ዳገቱ ልምጣ። ከአዳማ አሰላ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። መንገዱ መጀመሪያ ያታልላል። ወደ አዋሽ መልካሳ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ዴራን ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ወደ አርሲ ከፍታ መውጣት ይጀምራል፤ መውጣቱንም አይተውም። አርሲ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለ አገር ነው። በዚያ ምድር ላይ በእግራቸው ዓለምን የቀደሙ ሰዎች በበቀሉበት፣ ባለ ሁለት ጎማ ይዤ እንዴት ያቅተኛል አልኩና በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ።

ከዴራ ብዙም ሳልርቅ አቃተኝ። ፎኒክሱ ማርሽ የለውም፤ ቆሜ ብረግጥ ካቴናው ይንጫጫል እንጂ ጎማው አይዞርም። ደረቴ ነደደ። ጥርሴን ነክሼ «ቻለው፣ ቻለው» እያልኩ ለራሴ ስዘምር፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ልክ እንደ እኔው ዓይነት ፎኒክስ ይዞ በእግሩ አለፈኝ። በብስክሌቱ ግራና ቀኝ ሁለት ጀሪካን ውኃ ታስሯል። ወርዶ እየገፋ ነው። እኔ ተቀምጬ፣ እሱ በእግሩ፣ ሸክምም ይዞ፣ ቀደመኝ! ዘወር ብሎ አየኝና በኦሮምኛ «ሱታ፣ ኢልማ ኮ፤ ሱታ» አለኝ። ቀስ በል፣ ልጄ፤ ቀስ።

አፍሬ ወረድኩ፤ አብሬውም ገፋሁ። ዳገቱ ራስ ላይ ስንደርስ እሱ ያለ አንዳች ድካም ኮርቻው ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። እኔ መንገድ ዳር ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው፣ ሰውየው ማርሽ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ወርዶ መግፋትም ማርሽ ነው። ብስክሌቱ ያልተሠራለትን ማርሽ ከራሱ አወጣ።

ይህን አይቼም ወዲያው አልታረምኩም። ዕዳዬ ካለቀ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ ማርሽ ያለው ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ማርሹ ግን ለእኔ ነውር ሆነብኝ። ቀላሉን ማስገባት ሽንፈት መስሎኝ ከባዱን እንደያዝኩ ዳገት ላይ እታገል ነበር። በሁለተኛው ወር ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። እያነከስኩ ጋሼ ዘንድ ስሄድ ጉልበቴን ሳይሆን ካቴናውን አየ፤ የትኛው ጥርስ ተበልቶ የትኛው አዲስ እንደሆነ ከዚያ ይነበባል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማርሽ ለጌጥ ነው የተሰቀለው?»

«ጋሼ፣ እችለዋለሁ ብዬ ነው።»

«ቻልከው እኮ! ይኸው ቻልከውና አነከስክ።»

ከዚያም አስተማረኝ። ካቴናው ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ሲወጣ እግር ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙር ግን ትንሽ ኃይል ብቻ ይፈለግበታል፤ ዳገቱ ያው ዳገት ነው፣ የሚከፈለው ግን በየጥቂቱ ነው። (ሃያ ሺህ ብር በአሥር ወር!) ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይበልጣል። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ዳገቱ መሀል ገብተህ፣ ሙሉ ክብደትህ ፔዳሉ ላይ ሳለ ልቀይር ብትል ካቴናው ይዘልላል፤ ወይም ይበጠሳል። ቻዩ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ገና ነኝ፣ ገና እችላለሁ» ሲል መቀየሪያው ቦታ ያልፈዋል።

በዚያ ሳምንት ጉልበቴን አስሬ ከመስኮቴ ኋላ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአንድ የተበላሸ የገቢ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ከጉድለቱ ወዲህ የመጀመሪያ ግጥሜ ነበረች፤

ቻይ ነው ሲሉኝ ሰምቼ፣ ችዬ ችዬ ኖሬ፣
መቻል እንዳልቻልኩኝ ገባኝ ገና ዛሬ።

ስለ አባቴ ሳልናገር ይህን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም። አባቴ ከስምጥ ሸለቆው ትንንሽ ከተሞች በአንዷ መምህር ነበር። ፎኒክሱን እየነዳ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ጠመኔ ከኪሱ የማይለይ ሰው። የሸለቆው ሰዎች ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ስለሚለቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ይህ ንጥረ ነገር፣ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ከዚያ በእጅጉ ይልቃል። ለዓመታት ሲጠጣ ከጥርስ አልፎ አጥንት ያደርቃል። አባቴ በሃምሳ ዓመቱ አንገቱን ማዞር ሲያቅተው፣ ሰው ከጎኑ ሲጠራው መላ ሰውነቱን ያዞር ነበር። ብስክሌቱን የሰቀለውም ያን ጊዜ ነው። ጎረቤታችን የክረምቱን ዝናብ ከጣራ ያጠራቅም ነበርና «ጋሽ መምህር፣ ከዚህ ጠጡ» ይለው ነበር። አባቴ «የለመድኩት ውኃ ነው፤ እችለዋለሁ» ይል ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሲያርፍ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ቻይ ሰው ነበሩ።»

ያኔ ኮርቼበት ነበር። ዛሬ ያ ሙገሳ ያንገበግበኛል። የዝናብ ውኃው እኮ ከአጥር ማዶ ነበር!

ደግሞ የእህቴ ነገር አለ። ከባሏ ቤት ሁለት ጊዜ ወጥታ እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በሽማግሌ ታጅባ «ትዳር እኮ መቻል ነው» ተብላ ተመለሰች። አማርኛ እዚህ ላይ የሚሠራውን ተመልከቱ። ወንድን «ቻል» ብለን የምናዘው፣ ሴትን ስናዝ «ቻይ» እንላለን። ስናሞግሳትም «ቻይ ናት» እንላለን። ትእዛዙና ሙገሳው አንድ ቃል ሆኑ፤ የታዘዘችው ሴት የት ላይ እንደምትቆም አይታወቅም። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከሸኟት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሻንጣዋንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ስለ ጽናት በየመድረኩ ሲወራ የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ተረት የሚደረግልን ያልወረደው፣ ያልቀየረው፣ ወደ ኋላ ያላለው ሰው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ ከአትሌቲክስ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሯት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ገረመው ደንቦባ በመንገድ ላይ ውድድሩ 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑም 9ኛ። ትናንትና የተወለደ ስፖርት ላለው አገር ይህ ትንሽ ነገር ነበርን? ነገር ግን 24ኛ ለወጣ ሰው የምንዘፍነው ዘፈን የለንም።

አበበንም ቢሆን የምናስታውሰው በባዶ እግሩ ነው። እኔ ይበልጥ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን አበበን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ቀስት ወረወረ። በማግስቱ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። የደጋው የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ፣ በበረዶ ላይ! ማራቶን እንደገና ልሩጥ ብሎ ግድግዳ አልገፋም። ሐዘኑን ቻለ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ቻለበት ብል እመርጣለሁ። በዚያች ትንሽ «በት» ውስጥ ሁለቱ መቻሎች ይለያያሉ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው «እንግዲያው ሁሉ ሰው ዳገት ባየ ቁጥር ይውረድ ነው የምትለው?» ብሎ ሞገተኝ። ሙግቱ ባዶ አይደለም። የማይቀየር ነገር አለ፤ የአዳማን ነፋስ ማርሽ አያጠፋውም። የጎደለ ብርም ጎድሏል። መሸከም ያለብንን የምንሸከመው ግን ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚሆን ተነጋግረን ቢሆን፣ ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነም ብናውቅ ነው የምለው። ይህን ሳይጠይቅ «ቻለው» የሚል ሰው እያጽናና አይደለም፤ ከጉዳዩ እየወጣ ነው። ወዳጄ አልተስማማም። ብስክሌትም አይነዳም።

አሰላ እስከ ዛሬ አልደረስኩም። አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ከጋሼ ጋር ወጣን፤ እስከ ዴራ ነፋሱን እየተፈራረቅን ሰበርን፣ እሱ እዚያ ቀረ፣ እኔ በቀላሉ ማርሽ ብቻዬን ኢተያ ገባሁ። ከመንገድ ዳር ሻይ ጠጣሁ። አሰላ ሃያ ኪሎ ሜትር ከምናምን ይቀረኝ ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጉልበቴም የድሮ ወሬውን ጀምሯል። ሒሳቤን ከፈልኩ፣ መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ብስክሌቴን ወደ አዳማ አዞርኩ።

ማታ እህቴ ሱቅ ጎራ አልኩ። ወንበር ስባ እያቀረበችልኝ «ደረስክ?» አለችኝ።

«አይ፣ ከኢተያ ተመለስኩ።»

«ጎበዝ» አለችኝ።